ማይክ አያስፈልገኝም

አቲኮካን፣ ኦንታሪዮ
ጃንዋሪ 9

ለተወደድሽው ለአርቮ ልጅ ለማርሊስ፣

እንደ ቤተሰባችን ልማድ ከበረዶው ልጀምር። ዛሬ ጠዋት ሐይቁን በስቼ ስለካው አሥራ ሰባት ኢንች ሆነ። ሌምፒም እኔም ደህና ነን፤ የባለቤቴ ግራ እግር እንደ ዓምናው ነው፣ ምላሷ ግን ከዓምናው ብሷል። አንቺንም ከነቤትሽ ጤና አይንሳችሁ፤ ያ የዱሉት ቁልቁለትም መኪናሽን አያንሸራትትብሽ።

የላክሽው መጠይቅ ደርሶኛል። «ባለፈው ጉባኤያችን በርቀት በመሳተፍዎ ምን ያህል ረክተዋል? ከአንድ እስከ አምስት ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያክብቡ» ይላል። እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ተነሣሁ፣ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመርኩ፣ መጥቼ ደግሞ ተቀመጥኩ። ዜሮ የሚባል ቁጥር ስላላገኘሁ ደብዳቤ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

የበረዶ መዝጋቢዎች ማኅበራችንን ጸሐፊነት የተረከብሽው ዘንድሮ ነው። ስለዚህ አሁን የምነግርሽን የምታውቂው ቢሆንም ከእኔ አፍ ስሚው። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህን ሐይቅ በረዶ መዝግቤያለሁ። በየክረምቱ አንድ ቀይ በርሜል ሐይቁ መሐል በረዶው ላይ አቆማለሁ፤ በጸደይ በረዶው ሲለቅና በርሜሉ ሲሰምጥ ቀኑንና ሰዓቱን በካርድ ጽፌ ወደ ማኅበሩ በፖስታ እልካለሁ። በዓለም ላይ የማውቀው ሥራ ይኸው ነው። እናንተ ግን የበረዶ መዝጋቢዎችን ጉባኤ የምታደርጉት በኤፕሪል መጨረሻ ቅዳሜ፣ በረዶው ሊለቅ ዛሬ ነገ በሚልበት ሳምንት ነው! ይህን ያመጣው አባትሽ ነው፤ የምትሰበሰቡበት የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ባዶ የሚሆነው ያኔ ብቻ ነው ብሎ። እውነተኛ መዝጋቢ በዚያ ሳምንት ከሐይቁ ዳር ንቅንቅ አይልም። እንግዲህ በስክሪን ልትካፈሉ ትችላላችሁ ሲባል ከሁሉ ፊት የተመዘገብኩት ለዚህ ነበር።

ምን አየሁ መሰለሽ? ግማሽ ቀን የአንድ ራሰ በራ ሰው ማጅራት። ምን ሰማሁ? የቡና ማፍያው ሲንተከተክ። በእረፍት ሰዓት ሁላችሁም ተነሥታችሁ ሄዳችሁ፣ እኔ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ባዶ ወንበር ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ሌምፒ መጥታ «እነዚህ ወንበሮች ምን እያሉ ነው?» አለችኝ።

ይሁን፣ ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። ያልቻልኩትን ልንገርሽ። ተራዬ ደርሶ መዝገቤን አነበብኩ። 1991 ላይ ስደርስ «ኤፕሪል 29» አልኩ። ታውቂያለሽ፤ አባትሽ ያኔ ከሐይቁ ማዶ ካለው የቤተሰብ ጎጆ ሆኖ እሱም ይመዘግብ ነበር፤ ሜይ 1 ብሎ ጻፈ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ ስል «ሬይኖ በሳውናው እንፋሎት ውስጥ ቢራ እየጠጣ ያየው ነው» አለ። ማኅበሩም የሱን ቀን ያዘ። ካርዱ ላይ «ያየ ወይም የሰማ ምስክር» የሚል መስመር አለ፤ በረዶ ሲሄድ ስለሚጮህ የሰማም ይቆጠራል። ድሮ እዚያ ላይ የሚፈርምልኝ አርቮ ነበር። ከ1991 ወዲህ መስመሩን ባዶውን ነው የምልከው። ሌምፒ እፈርማለሁ ብትልም ደንቡ የትዳር ጓደኛ አይቀበልም።

አንብቤ ስጨርስ አባትሽ ተነሣ። ማይክ ሲያቀብሉት እጁን አወናጨፈ። ድምፁ ባይመጣም ከንፈሩን አነበብኩ፤ ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ የሚላት ናት፦ «ማይክ አያስፈልገኝም!» ከዚያ አፉ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልሰማሁም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አጨበጨባችሁም። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ምን አለ? የምጠይቅሽ ይህን ብቻ ነው። ካላወቅሁ ዘንድሮ ሊንክ አትላኪልኝ። የሃምሳ አንድ ዓመቱን መዝገብም ከማኅበሩ አውጥቼ ለከተማችን ቤተ መጻሕፍት እሰጠዋለሁ፤ እነሱ ቢያንስ አይስቁም።

የአባትሽ የአጎት ልጅ፣
ሬይኖ


ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ጃንዋሪ 30

ለተከበሩ አጎቴ ለሬይኖ፣

ሰላምታዬ ከነአክብሮቴ ይድረስዎ። ለእትዬ ሌምፒ እግር ምሕረት፣ ለምላሷም ዕድሜ ይስጥልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደሚያውቁት የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ስምሪት ላይ ነው የምሠራው፤ ቅዝቃዜው ሲከር ሞተሮቹ አልነሣ ይሉና እኔን ደግሞ መቀመጥ ይነሡኛል። ይህንንም ደብዳቤ በሦስት ቁራጭ ነው የጻፍኩት።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ያን ሰዓት አዳራሹ ውስጥ አልነበርኩም። የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ፍለጋ የመዘምራኑን ቁም ሣጥን ስበረብር ነበር። ሳቁን ከኮሪደር ሰማሁት፣ ስገባ እርስዎ ከስክሪኑ ጠፍተዋል። ቃለ ጉባኤውን አውጥቼ አየሁ፤ «ከአቶ ሬይኖ ንባብ በኋላ ውይይት ተደረገ» ይላል። ውይይት ተደረገ! ባገኘው የጻፈውን ሰው እስክሪብቶውን እነጥቀው ነበር፤ ግን የጻፈችው ሲልቪ ናት፣ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ እፈራታለሁ።

ስለዚህ አባቴን ጠየቅሁት።

«አባ፣ ዓምና ሬይኖ ሲጨርስ ተነሥተህ ምን አልክ?»

«የሰማ ሰምቷል።»

«ሬይኖ አልሰማም።»

«ሬይኖ የሚሰማው ሲያሻው ነው። ቆሜ መልስ ስጠብቅ ኮምፒውተሩን ጠርቅሞ ዘጋብኝ። በቃ፣ አንዴ ተናግሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልናገርም።»

ከዚህ በላይ አንዲት ቃል ከአፉ አላወጣሁም። መልስ እየጠበቀ ነበር ማለቱ ግን እንቅልፍ ነሣኝ፤ እርስዎም ያስቡበት።

አጎቴ፣ ይህን ነገር ማስተካከል እፈልጋለሁ። ቀኑን ሙሉ ከሹፌሮች ጋር በሬዲዮ ነው የማወራው፤ ያልተሰማች አንዲት ቃል ልጆችን የት አውርዳ እንደምትጥል እኔ አውቃለሁ። ራሰ በራው ዋረን ነው፤ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ «ስክሪን ጉባኤ አይሆንም፣ ይቅር» እያለ ያስቸግራል። እርስዎ ከወጡ እሱ አሸነፈ ማለት ነው፤ ሌሎቹ አሥራ አራት የሩቅ መዝጋቢዎችም አብረው ይቀራሉ። እባክዎ መዝገቡን ለማንም አይስጡ። ይልቅ ከዚያ ወገን ሆነው ያዩትን ጉድለት አንድ ባንድ ይጻፉልኝ። እዚህ ያለነው ሁላችንም አዳራሹ ውስጥ ስለተቀመጥን አይታየንም።

ታዛዥዎ፣
ማርሊስ


አቲኮካን
ፌብሩዋሪ 14

ለማርሊስ፣

ሃያ አራት ኢንች። ሰላምሽ ይብዛ፤ አውቶቡሶችሽን ሁሉ ሞተር አያሳጣቸው።

ጻፍ ስላልሽኝ ጻፍኩ። መጀመሪያ ካሜራውን ከዋረን ማጅራት ጀርባ አንሽውና ፊት ለፊት ትከይው፤ ሰው ሲናገር ፊቱን ካየሁ ግማሹን ቃል በዓይኔ እሰማዋለሁ። የቡና ማፍያውን ከማይኩ አርቂው፤ ዓምና ከሁሉም አጥርቶ የተናገረው እሱ ነበር። ከአዳራሹ ጥያቄ ሲነሣ መድረክ ላይ ያለው ሰው ጥያቄውን በማይክ ይድገመው፤ አለዚያ እኛ መልስ ብቻ እየሰማን ጥያቄውን ስንገምት እንውላለን። የጥያቄ ሰዓት ሲከፈት ደግሞ ከኛ ጀምሩ። እኛ እጃችንን አውጥተን ብንውል ቡና እስኪቀዳ ድረስ የሚያየን የለም። ሌምፒ ደግሞ አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ለእኛ ብቻ ጆሮ ይሁን ትላለች፤ ሥራው እኛን መስማት ብቻ የሆነ ሰው።

እረፍቱን በተመለከተ፣ ቡናና ፑላ፣ ያን ጣፋጭ ዳቦ፣ በስክሪን ላኪልኝ አልልሽም። ግን አታጥፉን። አንዱን ኮምፒውተር ዳቦው ያለበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው፤ የሚያልፍ የሚያገድም ሰው ቆም ብሎ «በረዶህ እንዴት ነው?» ይለናል። ለጉባኤ የሚኬደው ለሌላ ለምንድን ነው? ንባቡንማ በፖስታ ማግኘት እንችላለን።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለጠየቅሽኝ ነው። የኔን ጥያቄ ግን አልመለስሽም። አባትሽ መልስ ጠበቀ አልሽ፤ የምን መልስ? ስድብ መልስ አለው እንዴ? ከዚያ ደብዳቤሽ ወዲህ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣ በርሜሉን አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ሌምፒ ወለሉን ጨረስከው ብላኛለች። አዳራሹ ውስጥ ስድሳ ሰው ነበረ፤ አንዱን ጠይቂ።

ሬይኖ


ዱሉት
ማርች 22

ለተከበሩ አጎቴ ለሬይኖ፣

ጤናና ሰላም ለቤትዎ ይሁን፤ መስኮቱ ጋ ሲመላለሱ ወለሉን ጨርሰው ሐይቁ ውስጥ እንዳይገቡብኝ። ከአምስት ሳምንት በላይ አስጠበቅኩዎ። የበረዶ ወጀቡ መንገድ ሲዘጋ ሲከፍት ነው የከረመው። ምክንያቱ ግን ያ ብቻ አይደለም።

ያዘዙትን ሁሉ ሠርቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ምድር ቤቱ ውስጥ ሙከራ አደረግን። ካሜራው ፊት ለፊት ነው። የቡና ማፍያው ወደ ኮሪደር ተሰደደ፤ የማኅበሩ እናቶች አኩርፈውኛል። ማይኮቹ ሁለት ናቸው፣ ገመድ የላቸውም። ሲልቪ ቤቷ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ በሩቅ ሆና እንድትሰማን አደረግሁ፤ እኔ አዳራሹ ውስጥ ስልክ ይዤ ከሷ ጋር እነጋገራለሁ። አባቴን ከኋላ ረድፍ አስነሥቼ ተናገር አልኩት።

«ማይክ አያስፈልገኝም» አለ።

«አባ፣ ለሲልቪ ነው።»

«ሲልቪ! ትሰሚኛለሽ?» ብሎ ጮኸ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

«አንድ ሰው የቡና ማፍያው ውስጥ ወድቋል» አለች ሲልቪ፣ «አውጡት።»

ነገርኩት። ሲልቪ አርጅታለች አለና ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

ያን ዕለት ማታ ሲልቪ መልሳ ደወለችልኝ። «እኔ እኮ ዓምና ቃለ ጉባኤው ላይ ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም» አለችኝ። «አርቮ ያላትን ነገር እኔ ልጽፋት አልደፈርኩም፤ የሱና የሬይኖ ናት ብዬ ነው።» ከዚያ ነገረችኝ፣ ቃል በቃል።

ስለዚህ አሁን አውቃለሁ። አጎቴ፣ አልጽፍልዎትም።

ይቆጡ፣ መብትዎ ነው። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኩት፤ የዘገየሁትም ለዚህ ነው። በእኔ እጅ ተጽፎ ሲታይ ወሬ ይመስላል፤ አርቮ እንዲህ አለ ተብሎ የመጣ ወሬ። ካፉ መስማት አለብዎ። አንድ ነገር ብቻ ልማልልዎ እችላለሁ፤ በእርስዎ የሳቀ ሰው አልነበረም። በኤፕሪል 27 እንዲደግመው አደርጋለሁ፣ ያውም በማይክ። እንዴት እንደሆነ ገና አላውቅም። ብቻ ይምጡ።

ማርሊስ


አቲኮካን
ማርች 31

ማርሊስ፣

ሃያ ኢንች፣ ከላዩ ውሃ ይዟል።

ስድሳ ሰው ያውቃል፣ ሲልቪ ታውቃለች፣ አሁን አንቺም ታውቂያለሽ። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ የተነገረው ግን ለእኔ ነው። የሕፃን ጨዋታ መሰለሽ? በስድስተኛው ሳምንት «አልጽፍልዎትም» የሚል ደብዳቤ! አባትሽን ወጥተሻል።

ሊንክ እንዳትልኪ። የቤተ መጻሕፍቱን ሴትዮ አነጋግሬያለሁ፤ መዝገቡን በደስታ ትቀበላለች።

ሬይኖ

ማርሊስዬ፣ ፖስታ ቤት የምወስደው እኔ ነኝ ብዬ ፖስታውን ከፈትኩት። ሊንኩን በኔ ስም ላኪው። ኮምፒውተሩ የኔም ነው። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ እስከ ሜይ ፈቃድ ላይ ናት። — ሌምፒ


ዱሉት
ኤፕሪል 28

ለተከበሩ አጎቴ ለሬይኖ፣

እንደምን አደሩ? እትዬ ሌምፒ እንዴት ናት? ሰላምታውን በወጉ አድርሼ ልጨርስ አልኩ፣ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ትናንት የሆነውን ካልጻፍኩልዎ፣ እርስዎም ካልጻፉልኝ መቀመጥ አልችልም።

በማይክ የተነገረውን ሰምተዋል። ካሜራው ያላሳየዎትን ልንገርዎ። ጠዋት በሩ ላይ ለሁሉም ሰው አዲሱን ደንብ አስፈረምኩ፤ «በማይክ ያልተነገረ ቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም፣ እንደተነገረም አይቆጠርም» ይላል። አባቴ ሳያነብ ነው የፈረመው። ለሁሉም ደግሞ የሩቆቹን ሊንክ ስልካቸው ላይ ላክሁ፤ ምናልባት አንዱ የእናንተን ወገን ያይ ይሆናል ብዬ።

በእትዬ ሌምፒ ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። 1991 ላይ ደርሰው «ኤፕሪል 29» ሲሉ አባቴን አየሁት። ተነሣ። ማይኩን ይዤ ሮጥኩ።

«ማይክ አያስፈልገኝም» አለ። «ይህ አዳራሽ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰምቶኛል።»

ሲልቪ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። «አርቮ፣ አልሰማሁህም» አለች።

«አጠገብሽ ቆሜ?»

«አጠገቤ ቆመህ። ፈርመሃል፤ ደንብህን አንብብ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ያኔ ነው ኮፍያውን አንሥቶ የወጣው። እርስዎ ያዩት እንደገና የአርቮን እጅ ሲወናጨፍና አዳራሹ ሲስቅ ነው። እኔ ማይኩን ይዤ «አጎቴ፣ የተሳቀው በአባቴ ነው፤ እባክዎ አይዝጉት» ስል የጮኽኩት ለዚህ ነበር። አልዘጉትም። እግዜር ይስጥልኝ።

ማይኩን ለዋረን ሰጥቼ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣሁ። አባቴ ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ያያል። ሊንኩን ከፍቶታል! በዚያው ቅጽበት፣ ስልኩ ላይ እንዳየሁት፣ ዋረን ማይኩን ወንበር ላይ አስቀምጦ በባዶ አፉ መናገር ጀመረ።

«ምን እያለ ነው?» አለኝ አባቴ።

«አይሰማም።»

«ድምፁን ጨምሪው!»

«መጨረሻው ነው።»

«ይኸው ሳቁ! በኔ ነው? ስለኔ ምን ብሎ ነው?»

ስልኩን ጭኑ ላይ አደረገው።

«ዓምና ያየው ይህን ነው?»

«አዎ።»

«ስንት ሰዓት ያህል?»

«ግማሽ ቀን፣ አባ።»

በሩን ዘግቶብኝ ቀረ። እኔም ተመለስኩ፣ ዋረን እጅ ላይ ማይኩን መልሼ አስጨበጥኩ።

ለእረፍት ስንነሣ እንዳሉኝ ኮምፒውተሩን ዳቦው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። እኔ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ የሎሚ ኬክ እቆርጣለሁ። አባቴ ገባ። ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ሄዶ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ። ማይኩን በሁለት እጁ እንደ መዶሻ ጨብጦ አፉ ላይ አስጠጋው፤ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። እርስዎ ስክሪኑ ላይ ትንሽዬ ሆነው ይታዩኛል። አንዲት ቃል አልሰማሁም፤ ስድሳ ሰው መሐላችን ቆሞ ይበላል፣ ያወራል። ልጠጋ አልኩ፣ ፈራሁ።

ከዚያ ድንገት ተነሥተው ሄዱ! ባዶ ወንበር ብቻ ቀረ። አሁንም ጥሎት ሄደ አልኩ። አባቴ ግን ቁጭ እንዳለ ቀረ፤ አንገቱን ደፍቶ ወንበሩን ያያል። ደወሉ ተደወለ፣ የጉባኤውን ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ መክፈት ነበረብኝ፣ ወደ መድረኩ ሄድኩ። እሱ ከጠረጴዛው አልተነሣም። በምሳ ሰዓት ሳገኘው ከተጋገረው ድንች ሁለተኛ ሳህን እየበላ ነበር።

«ምን ተባባላችሁ?» አልኩት።

«ሥራ ላይ ነበርን» አለኝ።

አጎቴ፣ ዓምና እርስዎ ያዩትን ዘንድሮ እኔ አየሁት፤ ከንፈር ሲንቀሳቀስ፣ ድምፅ ሳይኖር። እንዴት እንደሚያቃጥል አሁን ገባኝ። ያ ደብዳቤዬ ምን እንዳደረገዎትም ገባኝ። ምን አለዎት? ለምን ተነሥተው ሄዱ? እባክዎ እንደ እኔ አምስት ሳምንት አያቆዩኝ።

ማርሊስ


አቲኮካን
ሜይ 4

ለተወደድሽው ለማርሊስ፣

ከበረዶው ልጀምር፤ የለም።

ሰላምታዬ ካለሁበት ካለሽበት ይድረስሽ፤ ቤትሽ ይሙላ፣ ወጀቡም እስከ ኖቬምበር አይመለስብሽ። ሌምፒ ደህና ናት። ፖስታ በመክፈቷ አልጸጸትም ትላለች፤ እኔም ጸጸቷን አልጠየቅኋትም።

አምስት ሳምንት ባቆይሽ ደስ ባለኝ፣ አንጀቴ ግን አልጨክን አለ። ስሚ እንግዲህ።

አባትሽ ማይኩን ይዞ መጀመሪያ ዝም አለ። ያ ሰውዬ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም።

«ሬይኖ፣ ይሰማሃል?» አለ።

«ይሰማኛል።»

«በደንብ ይሰማሃል?»

«አርቮ፣ ስትተነፍስ እንኳ ይሰማኛል። ተናገር።»

«በ1991 ሐይቁ ዳር አልነበርኩም» አለ። «የሞተር ጀልባ ልገዛ ዱሉት ወርጄ ነበር። ሜይ 1 ስደርስ ውሃ ሆኖ አገኘሁት፤ ገምቼ ጻፍኩ። ገመትክ እንዳይሉኝ አንተን ሰካራም አደረግሁህ። ዓምናም ይህንኑ ነው ያልኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አትገምቱ እያልኩ ስጮህባቸው የኖርኩ ሰው ገምቼ ነበር ስል ሳቁ። ስለደፈርኩ አጨበጨቡልኝ። አንተን ግን ቀና ብዬ ሳይህ የለህም።»

አፌን ከፈትኩ። ማርሊስ፣ ሠላሳ ዓመት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ረጅም ነው፣ ስድብም አለበት። የመጀመሪያዋ ቃል ጥርሴ ላይ ደርሳለች፤ ሌምፒ ከመስኮቱ ሆና «ሬይኖ! በርሜሉ! በርሜሉ ሄደ!» ብላ ጮኸች።

በነጠላ ጫማዬ ሮጥኩ። ስደርስ የቀዩ በርሜል አናት ብቻ ይታይ ነበር፤ ከዚያ እሱም የለም። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ያጉረመርማል። ቆሜ አየሁት፣ እንደ ሞኝ አለቀስኩም። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ነው ድንጋጤው የያዘኝ፤ ሰዓቴን አላየሁም። በሃምሳ አንድ ዓመት ውስጥ ረስቼው አላውቅም። አባትሽ ሲናገረኝ ጆሮዬ እሱ ጋ ቀርቶ ነው። ሌምፒን ብጠይቃት «እኔ በርሜል ነው ያየሁት፣ ሰዓት ማየት ያንተ ሥራ ነው» አለች።

እንግዲህ ልገምት ነው ማለት ነው። ማን? እኔ! እንደ አርቮ!

ቤት ስገባ ስክሪኑ ላይ ባዶ ወንበሮች አገኛለሁ ብዬ ነበር። አባትሽ እንደተቀመጠ አለ። አንገቱን የደፋው አዝኖ አልነበረም፤ በወረቀት መሐረብ ላይ ይጽፍ ነበር።

«ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። «ሌምፒ ስትጮህ ሰዓቴን አየሁ። በረዶውም ሲጮህ ሰማሁት፤ በሩን ከፍተኸው ነው የሮጥከው።»

ከዚያ ስለ ውሃው ጠየቀኝ፣ ስለ ሌምፒ እግር ጠየቀኝ፣ ጀልባዋ በሁለተኛው ዓመት እንደተበሳች ነገረኝ፤ ደስ አለኝ። ያን ረጅም መልሴን ረስቼዋለሁ አልልሽም፣ እያንዳንዷን ቃል አስታውሳለሁ። በጁን ሊመጣ ተስማምተናል፤ ሳውናው ውስጥ ስናልብ እነግረዋለሁ፣ ስድቧም ሳትቀር።

መጠይቅሽን ሞልቼ ልኬያለሁ። አራትን አክብቤያለሁ። አምስት ያላልኩት እረፍት ላይ ዋረን ሦስት ፑላ ሲበላ ስላየሁ ነው። ለቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ከዚህ ጋር የዘንድሮውን ካርድ ታገኛለሽ። ኤፕሪል 27፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። መዝጋቢ፣ ሬይኖ። «ያየ ወይም የሰማ ምስክር» በሚለው መስመር ላይ የአባትሽን ስም ጽፌበታለሁ፤ ፊርማው ግን የራሱ ነው፣ ስለዚህ ወስደሽ አስፈርሚው። ማይክ አያስፈልገውም፤ እስክሪብቶ ስጪው።

አጎትሽ፣
ሬይኖ